የፍየሏ ገመድ ርዝመት

አረምን በፍየል ስለመቆጣጠር፣ ከጌዴኦ ጓሮ አንጻር

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላሉ አበው። አባባሉ ችኩልን ሰው ለመንቀፍ የሚነገር ቢሆንም በውስጡ የጥሩ ተመልካች ትዝብት አለው። ላምና በግ መስክ ላይ ሲደርሱ ወደ ሣሩ ያቀረቅራሉ፤ ፍየል ግን ቀና ብላ ቁጥቋጦውን ታማትራለች፤ ቅጠሉን፣ ቀንበጡንና አበባውን እየመረጠች ትቀነጥባለች። ሌላው እንስሳ ንቆ የሚያልፈውን እሾሃማና መራራ ተክል ሳይቀር ትበላለች። ታዲያ ይህች እንስሳ የአርሶ አደሩን የአረም ሥራ ልታቃልልለት ትችላለችን? አገር በቀሏን ፍየል ከውጭ ዝርያ ጋር ብናዳቅልስ ሥራው ይበልጥ ይፋጠናልን?

«የፊዚክስ መምህር ስለ ፍየል ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁንና ከላይ የተነሡት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚመለሱት በርቀት፣ በክብደትና በጊዜ ልኬት ነው። እነዚህ ደግሞ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእጁ ያሉ መሣሪያዎች ናቸው። የሚያስፈልገን አንድ ገመድ፣ አንድ ችካልና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነው።

የጌዴኦ ጓሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲላ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ ሲዘልቅ በግራና በቀኝ የሚያየው ተዳፋት ደን ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው እጅ ያበጀው እርሻ ነው። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ የጥላ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጎመንና ጎደሬ ተደራርበው ይበቅላሉ። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በዚህ መልክዐ ምድር ላይ የሚኖረው ሕዝብ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 847,434 ሲሆን፣ በአማካይ በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ይደርስ ነበር። በመሆኑም የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። የዝናቡ ወራት ሲመጡ ሙጃው፣ ሰርዶው፣ የውሃ እንቁሩና ጭጎጎቱ ከቡናው ጋር ይሻማሉ። በእጅ ማረም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ፀረ አረም ኬሚካልም በተቀላቀለ ጓሮ ውስጥ ጎመኑንና ጎደሬውን ከአረሙ አይለይም። እንግዲህ ፍየልን እንደ አማራጭ ማሰብ ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በተዳፋት መሬት ላይ አረም ጠላት ብቻ አይደለም፤ አፈሩን ከጎርፍ ይከላከላል። አርሶ አደሩ አረሙን ቆርጦ እዚያው እንደ ጉዝጓዝ የመተዉ የቆየ ልማድም ከዚህ የመነጨ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው መሬቱን የምታራቁት ሳይሆን የአረሙን ጉልበት የምትቀንስ ፍየል ነው።

የፍየል አፍና ሆድ

ፍየል ከሚያመሰኩ እንስሳት ወገን ናት። ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ራይንሆልድ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት እነዚህን እንስሳት እንደ አመጋገባቸውና እንደ ጨጓራቸው አሠራር በሦስት ከፍሏቸዋል፦ ሣር በሎች፣ ለስላሳ ቅጠል መራጮችና በሁለቱ መካከል ያሉ። ላምና በግ ከመጀመሪያው ክፍል ሲመደቡ ፍየል መካከለኛውን ስፍራ ይዛለች። ጠባብ አፏና እንደ ጣት የሚንቀሳቀሰው የላይኛው ከንፈሯ ከእሾህ መካከል ቅጠል ለይተው ለማውጣት ያስችሏታል። በኋላ እግሮቿ ቆማ ደግሞ እስከ 2 ሜትር አካባቢ ያለውን ቅርንጫፍ ትደርስበታለች። ቅጠሎችን የሚያመርረውን ታኒን የተባለ ውሕድም ከላምና ከበግ በተሻለ ትቋቋማለች።

ሆዷም የራሱ ታሪክ አለው። በአገራችንም ለመኖ የሚተከለው ሉኪኒያ ሚሞሲን የተባለ መርዛማ ውሕድ ይዟል። በአውስትራሊያ ይህን ተክል አብዝተው የበሉ ከብቶች ይታመሙ ነበር፤ በሃዋይ ደሴቶች የነበሩ ፍየሎች ግን ምንም አይሆኑም ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለው አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ምስጢሩ በፍየሎቹ ጨጓራ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ላይ መሆኑን ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ሕዋሳት ወደ አውስትራሊያ ተወስደው ለከብቶች ሲሰጡ ከብቶቹ መርዙን መቋቋም ቻሉ። ባክቴሪያዋም እ.ኤ.አ. በ1992 በተመራማሪው ስም ሲነርጂስቴስ ጆንሲአይ ተብላ ተሰየመች። ከዚህ የምንማረው አንድ ፍየል የምትበላው ተክል በዝርያዋ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን ነው፤ ያደገችበት ቦታና በሆዷ የያዘቻቸው ሕዋሳትም ድርሻ አላቸው። ከሌላ አገር የመጣች ፍየል አዲስ ቅጠል በጥቂት በጥቂቱ መልመድ የሚኖርባትም ለዚህ ነው።

አረም የሚዳከመው መቼ ነው?

አረም አንድ ጊዜ በመበላቱ አይሞትም። ለብዙ ዓመት የሚኖር አረም ሥሩን እንደ ጎተራ ይጠቀምበታል። ቅጠሉ በብርሃን አማካይነት የሠራው ምግብ በሥሩ ውስጥ ይከማቻል። ቅጠሉ ሲበላ ተክሉ ከጎተራው አውጥቶ አዲስ ቅጠል ያበጃል፤ አዲሱ ቅጠል ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ብድሩን ይመልሳል። እንግዲህ ፍየሏ ብድሩ ሳይመለስ በድጋሚ ከመጣች ጎተራው ይጎድላል፤ ይህ ሲደጋገምም ሥሩ ይመነምናል። በአንድ ወቅት ብቻ ለሚበቅለው አረም ደግሞ ወሳኙ ነገር ዘር ከማፍራቱ በፊት መድረስ ነው።

ከቁልቋል ወገን የሆነውና ሰሜን አሜሪካን የወረረው ሊፊ ስፐርጅ የተባለ አረም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ነጭ ወተቱን ከብቶች ይሸሹታል፤ ፍየሎችና በጎች ግን ይበሉታል። በዚያ አገር የፍየል መንጋ አከራይቶ አረምና የእሳት ማገዶ የሚሆን ቁጥቋጦ ማስበላት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሥራው ለተከታታይ ዓመታት ካልተደጋገመ አረሙ ተመልሶ ይመጣል። ጊዜና ቦታ ሳይለኩ ፍየል መልቀቅ «ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ» ይሆናል።

ገመዱና ክቡ

በጌዴኦ ጓሮ ፍየል ልቅ አትለቀቅም፤ ትታሰራለች። ቡና ባለበት አገር ይህ ግድ ነው። ካልዲ የተባለው እረኛ ቡናን በፍየሎቹ አማካይነት አገኘ የሚለው ተረት ራሱ ፍየል ቡናን እንደማትምር ይመሰክራል። ስለዚህ ዋናው መሣሪያችን ገመድ ነው።

ከችካሉ እስከ ፍየሏ ከንፈር ያለውን ርቀት ሬዲየስ እንበለው። ፍየሏ የምትደርስበት የክብ ስፋት ከሬዲየሱ ዳግም ርቢ ጋር ይመጣጠናል፤ ማለትም ሬዲየሱ በራሱ ተባዝቶ በ3.14 ይባዛል። ሬዲየሱ 2 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 12.6 ካሬ ሜትር፣ 3 ሜትር ሲሆን 28.3 ካሬ ሜትር፣ 4 ሜትር ሲሆን ደግሞ 50.3 ካሬ ሜትር ነው። ገመዱ ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ሲረዝም ርዝመቱ በእጥፍ ቢያድግም መሬቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። «አንድ ክንድ ልጨምርላት» የሚል ሰው ከሚያስበው በላይ ብዙ መሬት ይሰጣታል።

አሁን ፍየሏን በቡና መካከል ማሰር ይቻል እንደሆነ እንመርምር። ቡናው በየ2 ሜትሩ በአራት ማዕዘን ተተክሏል እንበል። ችካሉን በአራት የቡና እግሮች መካከል ብንተክለው ከእያንዳንዱ ግንድ የሚርቀው 1.41 ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የቡናው ቅርንጫፍ ወደ ጎን የተዘረጋበትን ርቀትና የፍየሏን አንገት ስንቀንስ ለገመድ የሚተርፍ ነገር የለም። ሒሳቡ መልሱን ሰጥቶናል፦ ፍየል በቡና መካከል ቦታ የላትም። ቦታዋ የመንገድ ዳር፣ የአጥር ሥር፣ የእርከን ጠርዝና ያልለማ ቁራጭ መሬት ነው። በቡናው ውስጥ ያለው አረም ደግሞ ታጭዶ ወደ እርሷ መወሰድ አለበት።

ለመንገድ ዳርና ለአጥር ሥር ከክብ የሚሻል ቅርጽ አለ። በሁለት ችካሎች መካከል 10 ሜትር ገመድ ከመሬት አጠገብ እንወጥርና የፍየሏን ማሰሪያ በቀለበት እናንሸራትትበት። ሬዲየሱ 1.5 ሜትር ቢሆን የምትደርስበት መሬት 3 ሜትር ወርድ ያለው፣ ጫፎቹ የከበቡ ሰቅ ይሆናል፤ ስፋቱም 37 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል መሬት በአንድ ችካል ለማግኘት ሬዲየሱ 3.4 ሜትር መሆን ነበረበት፤ ያ ደግሞ ከጠባቡ የመንገድ ዳር አልፎ የጎረቤትን እንሰት ይነካል።

የታሰረች ፍየል የሒሳብ ሊቃውንትንም አድክማለች። እ.ኤ.አ. በ1894 አንድ የአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ በክብ መስክ ጠርዝ ላይ የታሰረ እንስሳ የመስኩን ግማሽ ብቻ እንዲግጥ የገመዱ ርዝመት ስንት ይሁን? ግምታዊው መልስ የመስኩ ሬዲየስ 1.1587 እጥፍ መሆኑ ቢታወቅም፣ ጀርመናዊው ኢንጎ ኡሊሽ ትክክለኛውን መልስ በቀመር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ትምህርቱን የሚወድ ተማሪ የ1.1587ን ትክክለኛነት በራሱ ቢያረጋግጥ ይጠቀማል።

ሦስት ቀን ለምን?

ፍየሏ በአንድ ክብ ውስጥ ስንት ቀን ትቆይ? በ28.3 ካሬ ሜትር ክብ ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 200 ግራም ደረቅ መኖ የሚሆን አረም አለ ብለን እንገምት። ከዚህ ውስጥ ግማሹን ብቻ ትብላ፤ ቀሪው አፈሩን ይሸፍን። ስለዚህ የሚበላው 2.83 ኪሎ ግራም ነው። አንዲት ፍየል በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ብትፈልግ፣ 30 ኪሎ ግራም የምትመዝነው 0.9 ኪሎ ግራም ትበላለች። ስለዚህ ክቡ ለሦስት ቀን ጥቂት አለፍ የሚል ጊዜ ይበቃታል።

ይህ ቁጥር ከሌላ አቅጣጫም ይደገፋል። እርጥበት ባለበት አገር የፍየል ዋነኛ ጠላት የሆድ ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከበጠጥ ጋር መሬት ላይ ወድቆ ይፈለፈላል፤ እጩም በእርጥብ ሣር ላይ ይወጣል። እጩ በብዛት የሚገኘው ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በመሆኑ፣ ቅጠል ከላይ የምትቀነጥብ ፍየል ብዙም አያገኛትም። በአንድ ችካል ሰንብታ እስከ አፈሩ እንድትግጥ የተገደደች ፍየል ግን ትሉን ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። በፓሲፊክ ውቅያኖስ በሚገኙት በፊጂና በቶንጋ በተደረጉ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሥራ፣ መስኩን በ10 ከፍሎ ፍየሎችን በእያንዳንዱ ላይ ለሦስት ቀን ተኩል ማቆየት ትሉን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ፍየሎቹ ወደ መጀመሪያው ቦታ ሲመለሱ አንድ ወር ያህል ስለሚያልፍ አብዛኛው እጭ ሞቶ ይቆያል። እንደ ቡሌ ባሉ ቀዝቃዛ ቦታዎች እጩ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚኖር መመለሻውም መራዘም ይኖርበታል።

ለአንዲት ፍየል 10 ክብ ማለት 283 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ይህም የግማሽ ሄክታር 6 በመቶ ገደማ ነው። በየወሩ መመለሷ ደግሞ ቀደም ሲል ያየነውን የአረም ሥር ጎተራ ለማጉደል ይረዳል። እንግዲህ የመኖው ሒሳብ፣ የትሉ ዕድሜና የአረሙ ሥር ሦስቱም ወደ ተቀራራቢ የጊዜ ሰሌዳ ያመራሉ።

ድቅሏ ትበልጣለችን?

በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በሲዳማና በአካባቢው የሚገኘው የአርሲ–ባሌ ዝርያ አዋቂ ሴት በአማካይ 30 ኪሎ ግራም አካባቢ ትመዝናለች። የአገራችንን ፍየሎች ለማሻሻል ከአንድ ጊዜ በላይ ተሞክሯል። ፋርም አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ ግብረ ሰናይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንግሎ–ኑቢያን የተባለውን የወተት ዝርያ ከአገር በቀል ፍየሎች ጋር እያዳቀለ በሐረርጌና በደቡብ ለሚገኙ ቤተሰቦች፣ በተለይም ለሴቶች፣ አከፋፍሏል። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የሚሠራ ፕሮግራም ቦር የተባለውን የሥጋ ዝርያ ከደቡብ አፍሪካ አስመጣ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዶክተር ወርቅነህ አያሌውና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የአንግሎ–ኑቢያን ድቅሎችን ከአገር በቀሎቹ ጋር አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ወተቱና ሥጋው ብቻ ሳይሆን ፍጉ፣ እንዲሁም ፍየል እንደ ቁጠባና እንደ ዋስትና የምትሰጠው አገልግሎት ጭምር ሲሰላ ድቅሎቹ የበለጠ የተጣራ ጥቅም እንዳላስገኙ ደምድመዋል። በአንጻሩ የተሻሻለ አያያዝ አገር በቀሎቹንም ጠቅሟቸዋል።

የፊዚክስና የሥነ ሕይወት ሕግ ለዚህ ከፊል ማብራሪያ ይሰጠናል። ትውልደ ስዊዘርላንዱ ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው የእንስሳት የኃይል ፍጆታ ከክብደታቸው 0.75 ርቢ ጋር ይመጣጠናል። በዚህ መሠረት 45 ኪሎ ግራም የምትመዝን ድቅል ከ30 ኪሎ ግራሟ በክብደት 50 በመቶ ስትበልጥ በምግብ ፍላጎት 36 በመቶ ያህል ትበልጣለች። ስለዚህ በቀን 1.22 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል፤ ያንኑ ክብ በ2.3 ቀን ትጨርሰዋለች። አረም በማጥፋት ረገድ ፈጣን ናት ማለት ነው። ነገር ግን ከአንድ ወር በፊት ወደ መጀመሪያው ክብ እንዳትመለስ ከተፈለገ 10 ክብ አይበቃትም፤ 14 ያስፈልጋታል። መሬት እንደ ልብ ባለበት ቦታ ይህ ችግር አይደለም። በጌዴኦ ግን አራት ተጨማሪ ክብ ከየት ይመጣል?

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል ግማሽ የውጭ ደም አላት። ከአገር በቀል ወጠጤ ጋር ስትጠቃ ልጇ ሩብ፣ የልጅ ልጇም አንድ ስምንተኛ ብቻ ይኖራታል፤ ድቅልነት የሚሰጠው ብርታትም አብሮ ይቀንሳል። የድቅል መንጋ በራሱ ድቅል ሆኖ አይዘልቅም፤ ያለማቋረጥ የተመረጠ ወጠጤ ማቅረብ ይጠይቃል። ድቅልን ለማርባት የሚያስብ ቤተሰብ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፦ መኖ፣ ሕክምናና ወጠጤ።

ፍየል የማትፈታቸው ችግሮች

ሁሉም አረም ለፍየል አይሰጥም። በብዙ አጥር ሥር የሚታየው የወፍ ቆሎ ጉበትን ይጎዳል። የተጎዳ ጉበት ከቅጠል አረንጓዴነት መፍረስ የሚገኘውን ቀለም ማስወገድ ስለማይችል ቀለሙ በደም ተሸክሞ ቆዳ ሥር ይደርሳል። እዚያም የፀሐይን ብርሃን ውጦ ቆዳውን ያቃጥለዋል። የቅንጬ አረም የተባለው መጤ ተክል ደግሞ ወተትና ሥጋን ያመርራል።

ዘርም ሌላ ጣጣ ነው። ብዙው ዘር በሆድ ውስጥ ቢፈጭም ጠንካራ ቅርፊት ያለው ግን በበጠጥ ወጥቶ ይበቅላል። በአፋር ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ከብቶችና ፍየሎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየቦታው መጣላቸው ነው። ስለዚህ ዘር ያፈራ አረም የበላች ፍየል ወደ ንጹሕ ማሳ ከመሻገሯ በፊት ለጥቂት ቀናት ዘር የሌለው መኖ ብትበላ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የገለጹት ይህ የባክቴሪያ በሽታ መድኃኒት የለውም። የታመመ እንሰት የበላ እንስሳ ወደ ጤነኛው ተክል ሲሻገር በሽታውን ሊያዛምት ስለሚችል፣ በሽታው በታየበት ጓሮ ፍየል ከእንሰት መራቅ አለባት። ገመድ በጠሰች አንዲት ፍየል የጎረቤት ጓሮ ቢታመም ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ሰዎቹን ያስታርቁ ይሆናል፤ የዓመታት ቀለብ የሆነውን እንሰት ግን አይመልሱትም።

በመጨረሻም አንድ የማይሸሽ ቅራኔ አለ። ፍየሏ ሥራዋን በደንብ በሠራች ቁጥር አረሙ ይቀንሳል፤ አረሙ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ መኖዋ ይጎድላል። «አረሜን ታጥፋልኝ፣ በአረሙም ትኑርልኝ» ማለት አይቻልም። በተለይ በበጋ ወራት የእንሰት ቅጠልና የዛፍ ቅርንጫፍ መቅረብ ይኖርበታል፤ ውሃና ጥላም እንዲሁ።

ለተማሪዎች የቀረበ ሥራ

ከላይ የሰጠሁት የ200 ግራም ግምት ለሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ትክክለኛው ቁጥር በየጓሮው መለካት አለበት። ሥራው ቀላል ነው። ከአራት ዘንጎች 1 ካሬ ሜትር የሚከብ ማዕቀፍ ሥሩ። በውስጡ ያለውን አረም አጭዳችሁ፣ በፀሐይ አድርቃችሁ መዝኑት። ፍየል ከታሰረችበት ክብ ውስጥና ውጭ የትኛው አረም ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፤ ከወር በኋላም በዚያው ቦታ ድገሙት። አንድ ክፍል ተማሪዎች በተለያዩ ቀበሌዎች ይህን ቢያደርጉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአካባቢው የግብርና ባለሙያ የሚጠቅም ሰንጠረዥ ይኖራቸዋል።

ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ደግሞ ምክሩ አጭር ነው። ፍየል ከመግዛቱ ወይም ከማዳቀሉ በፊት ሦስት ቁጥሮችን ይወቅ፦ ገመዷ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በአንድ ችካል ስንት ቀን እንደምትቆይና ከስንት ቀን በኋላ እንደምትመለስ። ሦስቱ ከታወቁ አገር በቀሏ ፍየል በመንገድ ዳርና በአጥር ሥር ጥሩ አራሚ ትሆናለች። ካልታወቁ ግን የተሻለ ዝርያ ማምጣት ጉዳቱን ከማፋጠን አያልፍም።